አንጀት፣ ሐሞትና ሕሊና

በወጣቶች ኅብረታችን የጥያቄ ሣጥን ውስጥ ከገቡት ብጣሽ ወረቀቶች አንዱ እንዲህ ይላል፦ «ክርስቲያን ስቴም ሴል በሚባለው ነገር የሚሰጥ ሕክምና ቢቀበል ኃጢአት ይሆንበታል ወይ?» ስም አልተጻፈበትም። በዕለቱ መድረክ ላይ የነበርኩት እኔ ነበርኩ። ብዙም ሳላስብ መለስኩ፦ «ከፅንስ የተወሰደ ከሆነ አይሆንም፤ ከአዋቂ ሰው የተወሰደ ከሆነ ግን ምንም ችግር የለውም።» አጭርና ግልጽ ነበር። «አሜን» ተባለልኝ፤ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፍን። የሚቀጥለው ስለ ፍቅር ጓደኝነት ስለ ነበር ከዚያ በኋላ ስቴም ሴልን ያስታወሰ ሰው አልነበረም።

ያ መልስ ግማሹ ትክክል ነው። ግማሹ ግን አለማወቅ ነበር። ይህንም የተረዳሁት ቆይቼ በአንጀትና በሐሞት ቧንቧ ላይ ስለሚደረገው ምርምር ማንበብ ስጀምር ነው። ይህን ጽሑፍ የምጽፍላችሁ ያን መልስ ለማረም ነው። ወረቀቱን የጻፍህ ወንድሜ፣ ወይም የጻፍሽ እኅቴ፣ መጽሔቷ እጃችሁ ትገባለች ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ከአንጀት ልጀምር። የእኛ ቋንቋ አንጀትን ከሥጋ በላይ አድርጎ ነው የሚያየው። የሚያሳዝን ሰው ስናይ «አንጀቴን በላው» እንላለን፤ የምንወደው ሰው ሲያስደስተን «አንጀቴን አራሰው» እንላለን። ሐሞትም እንዲሁ ነው፤ ፈሪውን «ሐሞተ ቢስ»፣ ወኔው የከዳውን «ሐሞቱ ፈሰሰ» እንለዋለን። በማቴዎስ 9፥36 ላይ ጌታ ሕዝቡን አይቶ እንዳዘነላቸው ሲነገር በግሪክኛው የገባው ግስ ከሆድ ዕቃ ስም የወጣ ነው። ስለዚህ አንድ አማርኛ ተናጋሪ ቁጥሩን አንብቦ «ጌታን አንጀቱን በሉት» ብሎ ቢረዳው ከግሪኩ ብዙ አልራቀም። ይህን ያነሣሁት ለጌጥ አይደለም። ስለ ስቴም ሴል ስናወራ እንደ ሩቅ አገር ነገር እናወራለን፤ ነገሩ ግን አሁን ይህን በምታነቡበት ሰዓት በሆዳችሁ ውስጥ እየተሠራ ነው።

የአንጀታችን ውስጠኛ ገጽ በአንድ ረድፍ ሕዋሳት ብቻ የተሸፈነ ነው። ይህ ስስ ሽፋን ቀንና ሌሊት ከምግብ፣ ከሐሞትና ከባክቴሪያ ጋር ስለሚታገል ቶሎ ያረጃል። በመሆኑም ከአራት እስከ አምስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ይታደሳል። ባለፈው እሑድ ከአምልኮ በኋላ የበላችሁትን ምሳ የተቀበለው ሽፋን በሚመጣው ቅዳሜ የለም፤ እርሱ ረግፎ በቦታው ሌላ በቅሏል።

እንዴት? የትንሹ አንጀት ገጽ በአጉሊ መነጽር ሲታይ እንደ ፎጣ ነው። ጣት የሚመስሉ ጥቃቅን ነገሮች ቆመዋል፤ በጣቶቹ ግርጌ ደግሞ ጉድጓዶች አሉ። ጉድጓዶቹ በ18ኛው መቶ ዘመን በኖረው ጀርመናዊ ሐኪም በዮሐን ሊበርኩን ስም ይጠራሉ። በእያንዳንዱ ጉድጓድ ወለል ላይ ጥቂት ሕዋሳት ተቀምጠዋል፤ በአይጥ አንጀት ሲቆጠሩ 15 ያህል ናቸው። እነዚህ በየቀኑ ገደማ ይከፈላሉ። ከሚወለዱት መካከል አንዳንዶቹ እዚያው ይቀራሉ፤ ሌሎቹ ወደ ላይ እየተገፉ ሄደው አንዱ ምግብ መጣጭ፣ ሌላው ንፍጥ አመንጪ ይሆናል፤ ጫፍ ሲደርሱ ይረግፋሉ። ወለሉ ላይ የሚቀሩት ናቸው ስቴም ሴል የሚባሉት። አንዳንዶች «ግንደ ሕዋስ» ብለው ይተረጉሙታል፤ ግንዱ ቆሞ ቅጠሉ ስለሚረግፍ ስሙ መጥፎ አይደለም።

እነዚህን ሕዋሳት ለይቶ ማወቅ ለረጅም ጊዜ አስቸግሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው) በኔዘርላንድስ ኡትሬክት ከተማ በሚገኘው የሁብሬክት ተቋም ኒክ ባርከርና ሃንስ ክሌቨርስ ከባልደረቦቻቸው ጋር ኤል ጂ አር 5 በሚባል ምልክት ለዩአቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ በዚያው ቤተ ሙከራ ቶሺሮ ሳቶ የተባለ ጃፓናዊ ሐኪም ከአይጥ አንጀት አንዲት ስቴም ሴል ብቻ ወስዶ ለስላሳ ዝልግልግ ነገር ውስጥ አስቀመጣት፤ የሚያስፈልጋትንም ምግብ ሰጣት። ሕዋሷ ተከፈለች፣ ኳስ ሠራች፣ ኳሱም ጉድጓድ እያወጣ ትንሽ አንጀት መሰለ። ይህ ኦርጋኖይድ ይባላል። ነርቭ የለውም፣ የደም ሥር የለውም፣ ጡንቻ የለውም፤ የአንጀት ሽፋን ግን በትክክል ነው። ያየ ሰው ሁሉ ተደነቀ። በእርግጥም ያስደንቃል፤ ለዚያ ሕዋስ አንጀት መሆንን ያስተማራት ሳይንቲስት የለም፤ ሲመቻት ጊዜ ታውቀው የነበረውን አደረገችው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ስለ ወደድሁት ብቻ ነው። እነዚህ ስቴም ሴሎች ብቻቸውን አይቀመጡም። በመካከላቸው ፓኔት የሚባሉ ሌሎች ሕዋሳት አሉ፤ እነርሱ የእድገት መልእክት ይሰጧቸዋል። ከጎረቤቷ ጋር ንክኪዋን ያጣች ስቴም ሴል ስቴም ሴልነቷ ይቀራል። ከዚህ ስለ ኅብረት ግሩም ስብከት ማውጣት ይቻላል፤ ፈተናውን ተቋቁሜ አልፈዋለሁ።

እንግዲህ የመጀመሪያው እርማት ይህ ነው። «ስቴም ሴል» የሚለው ስም ኃጢአት አይደለም፤ ሁላችሁም ተሸክማችሁት ትዞራላችሁ። ጥያቄው ከየት ተወሰደ፣ እንዴት ተወሰደ፣ ማንስ ተጎዳ የሚለው ነው።

ስለ ፅንሱ ያልሁትን አልመልስም። በ1998 በአሜሪካ ዊስኮንሲን ጄምስ ቶምሰን ከሰው ፅንስ ስቴም ሴል ሲያወጣ ፅንሶቹ በቤተ ሙከራ የተፀነሱና ለዚያ ሥራ በወላጆቻቸው ፈቃድ የተሰጡ ነበሩ። ፅንሶቹ የጥቂት ቀናት ዕድሜ ነበራቸው፤ ሕዋሳቱ ሲወሰዱ ፅንሱ ይጠፋል። መዝሙር 139ን ያነበበና የሰው ሕይወት ከፅንስ ይጀምራል ብሎ የሚያምን ሰው ይህን እንደ ቀላል ነገር ሊያልፈው አይችልም። ሌሎች በቅን ልብ የተለየ ሐሳብ እንዳላቸው አውቃለሁ። እኔ ግን የአንዱን ሕይወት ለሌላው መድኃኒትነት አፍርሶ መጠቀም ልክ ነው ብዬ በሕሊናዬ ልቀበል አልቻልኩም። ጳውሎስ በሮሜ 3፥8 ላይ መልካም እንዲመጣ ክፉ እናድርግ የሚለውን አሳብ እንደ ስድብ ነው የቆጠረው።

በዚህ ምክንያት ሺንያ ያማናካ የተባለው ጃፓናዊ ሳይንቲስት በ2006 በአይጥ፣ በ2007 ደግሞ በሰው የቆዳ ሕዋስ ላይ ያደረገው ነገር ለብዙ ክርስቲያኖች እፎይታ ሆኖ ነበር። የአዋቂን ሕዋስ ወደ ኋላ መልሶ እንደ ፅንስ ሕዋስ እንዲሆን አደረገው። በ2012 የኖቤል ሽልማት ከጆን ገርደን ጋር ተካፈለ። አማራጭ ተገኘ፤ ፅንስ መንካት አያስፈልግም። እኔም መድረክ ላይ የቆምሁት ይህን ይዤ ነበር። ነገር ግን ያማናካ የትኞቹን ጂኖች መሞከር እንዳለበት ያወቀው አስቀድሞ በፅንስ ስቴም ሴል ላይ ከተደረገ ጥናት ነው። ንጹሑ መንገድ የተጠረገው ንጹሕ ባልሆነው መንገድ ላይ ከተገኘ እውቀት ነው። ይህን በዚያን ቀን አላሰብሁትም።

አሁን ወደ ሐሞት ቧንቧ ልለፍ፤ ምክንያቱም እውነተኛ ሕፃናት ያሉት እዚያ ነው።

ጉበት በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር የሚደርስ ሐሞት ይሠራል። ሐሞቱ በቧንቧዎች አልፎ ወደ አንጀት ይፈስሳል፤ ቅባትን ለመፍጨት ይረዳል፤ ሰውነት የማይፈልገውንም ይዞ ይወጣል። ቧንቧዎቹ ውስጣቸው በልዩ ሕዋሳት የተለበጠ ነው፤ ምክንያቱም ሐሞት ራሱ ጎጂ ነው፤ መውጫ ካጣ የሠራውን ጉበት መልሶ ይበላል። አንዳንድ ሕፃናት ሲወለዱ ወይም ከተወለዱ ጥቂት ሳምንታት በኋላ ከጉበት ውጭ ያለው የሐሞት ቧንቧቸው ይዘጋል፣ ይጠፋልም። ሞሪዮ ካሳይ የተባለ ጃፓናዊ የቀዶ ሕክምና ባለሙያ በ1950ዎቹ አንጀትን በቀጥታ ከጉበት ጋር አጋጥሞ ለሐሞቱ መንገድ የሚሰጥ ቀዶ ሕክምና ጀመረ፤ እስከ ዛሬ የሚሠራው እርሱ ነው። ሕፃኑ 60 ቀን ሳይሞላው ሲደረግ ውጤቱ የተሻለ ነው። እንዲያም ሆኖ ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ ቆይተው ጉበት ይተከልላቸዋል። በዓለም ላይ ሕፃናት ጉበት ከሚተከሉባቸው ምክንያቶች ቀዳሚው ይህ በሽታ ነው።

እዚህ ላይ ከሥነ ምግባር ጥያቄው ወጥቼ አንድ ነገር ልናገር፤ ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህን አትርሱ። በእኛ አገር አራስ ልጅ ዓይኑ ቢጫ ሲሆን «የወፍ በሽታ ነው፣ ፀሐይ ይሙቅ» ይባላል። አብዛኞቹ ሕፃናት በሁለት ሳምንት ውስጥ ይሻላቸዋል። ቢጫነቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ በተለይ የልጁ ሰገራ ነጣ ብሎ እንደ ኖራ ወይም እንደ አመድ ከመሰለ፣ ሽንቱም ከጠቆረ፣ ፀሐይ መጠበቅ አይገባም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። ጸሎት ጨምሩበት እንጂ በጸሎት ስም አታዘግዩት። ለታላቅ እኅታችሁ፣ ለጎረቤታችሁ ንገሩ። ቀኖቹ የተቆጠሩ ናቸው።

እንግዲህ ለእነዚህ ልጆችና የሐሞት ቧንቧቸው ለሚጎዳ አዋቂዎች ምን ተስፋ አለ? በእንግሊዝ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ፎቲዮስ ሳምፓዚዮቲስና ሉዶቪክ ቫሊየር ከባልደረቦቻቸው ጋር ከአዋቂ ሰዎች የሐሞት ቧንቧ ሕዋሳት ኦርጋኖይድ አሳደጉ። በ2017 በእነዚያ ሕዋሳት የተሠራ ቧንቧ በአይጥ ላይ እንደሚሠራ አሳዩ። በ2021 ደግሞ ከዚያ የሚበልጥ ነገር አደረጉ። ለንቅለ ተከላ ከሞቱ ሰዎች የተለገሱ፣ ሲመረመሩ ግን ለታማሚ ሊሰጡ የማይችሉ ሆነው የተገኙ የሰው ጉበቶችን ወሰዱ። ጉበቶቹን ሞቅ ያለ ደም በሚያዘዋውር ማሽን ላይ እስከ 100 ሰዓት ድረስ በሕይወት አቆዩአቸው። ከሐሞት ከረጢት የተወሰዱና በቤተ ሙከራ የበዙ ሕዋሳትን በጉበቶቹ ትንንሽ ቧንቧዎች ውስጥ ከተቱ። የከረጢቱ ሕዋሳት በአዲሱ ቦታቸው የቧንቧ ሕዋሳትን ጠባይ ያዙ፤ ቧንቧውንም ጠገኑ። በታማሚ ሰው ላይ የተደረገ ሕክምና አልነበረም። መንገዱ ግን ታየ።

አንጀት ላይ ያለው ከዚህ ትንሽ ቀደም ይላል። ሲስቲክ ፋይብሮሲስ የሚባል ከወላጅ የሚወረስ በሽታ አለ። በኔዘርላንድስ ከበሽተኞቹ የፊንጢጣ ሽፋን ትንሽ ናሙና ወስደው ኦርጋኖይድ ያሳድጋሉ፤ መድኃኒቱን በኦርጋኖይዱ ላይ ያደርጉበታል፤ ኳሱ ካበጠ መድኃኒቱ ለዚያ ሰው ይሠራል ማለት ነው። ጥቂት ሰዎች ብቻ ያላቸውን ዓይነት ጉድለት የያዙ ታማሚዎች በዚህ መንገድ የሚስማማቸውን መድኃኒት አግኝተዋል። በ2022 ደግሞ በቶኪዮ ሐኪሞች ትልቁ አንጀቱ በቆሰለ ታማሚ ላይ ከራሱ አንጀት የተወሰደና የበዛ ኦርጋኖይድ መልሰው ተከሉ። ከራስ ወደ ራስ፤ ሌላ ሰው አልተነካም።

ይህን ሁሉ ሳነብ ደስ ብሎኝ ነበር። መድረክ ላይ ያልሁት ሁሉ ልክ ሆኖ ተገኘ ብዬ ነበር። ከዚያ ግን ሕዋሳቱ ምን እየተመገቡ እንደሚያድጉ አነበብሁ።

የአንጀት ስቴም ሴል ከሰውነት ሲወጣ ጎረቤቶቹን ስለሚያጣ የእድገት መልእክቱን ከውጭ ማግኘት አለበት። ከሚያስፈልጉት መካከል አር ስፖንዲን የሚባል ፕሮቲን አለ። ይህን ፕሮቲን ብዙ ቤተ ሙከራዎች የሚያገኙት ሌሎች ሕዋሳት እንዲያመርቱት በማድረግ ነው። ለዚህ በብዛት የሚያገለግሉት ሕዋሳት ኤች ኢ ኬ 293 ይባላሉ፤ በሕክምና ምርምር ዓለም በየቦታው ያሉ ናቸው። ስማቸው የሰው ፅንስ ኩላሊት የሚል አሕጽሮት ነው። በኔዘርላንድስ ላይደን ከተማ በ1973 ገደማ ከአንዲት ፅንስ ኩላሊት ተወሰዱ። ፅንሷ በውርጃ የመጣች እንደ ሆነች በስፋት ይታመናል፤ ስለ ሁኔታው የሚናገረው መዝገብ ሙሉ አይደለም። ሕዋሳቱ ግን ከ50 ዓመት በላይ ያለ ማቋረጥ እየተከፈሉ ይኖራሉ።

ስለዚህ «ከአዋቂ ከሆነ ምንም ችግር የለውም» ያልሁት ተናደ። ሕዋሱ ከአዋቂ ነው፤ ታማሚው ራሱ ነው የሰጠው፤ የሚያጠጡት መረቅ ግን ብዙ ጊዜ ከዚያች ፅንስ ኩላሊት የወጡ ሕዋሳት የሠሩት ነው። «ምንም» የሚለው ቃል ነው የከበደኝ።

ወዳጆቼ፣ እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ሰው አይቻለሁ። አንዱ ይህን ሲሰማ «በቃ፣ ሁሉም የረከሰ ነው» ብሎ ይዘጋዋል። ይህ ሰው የሚወስደውን ክኒንና የተከተበውን ክትባት ታሪክ አይመረምርም፤ የሚመረምረው የሌላውን ብቻ ነው። ሁለተኛው «50 ዓመት ያለፈው ነገር ምን ያገባኛል፤ እኔ አላስወረድሁ» ብሎ ያልፋል። ከሁለቱ ሁለተኛው ይቀርበኛል፤ ግን ተሰርቆ የመጣ ዕቃ በርካሽ የሚገዛ ሰውም እኮ «እኔ አልሰረቅሁም» ነው የሚለው።

በማቴዎስ 27 ያለውን የይሁዳን ብር አስቡ። ካህናቱ 30ውን ብር ወደ መባ ሣጥን ለመጨመር አልፈቀዱም፤ የደም ዋጋ ነውና። ይህን ያሉት ብሩን የከፈሉት ራሳቸው ናቸው። ሕሊናቸው ስለ ሣጥኑ ንጽሕና ተጨነቀ እንጂ ስለ ተሸጠው ሰው አልተጨነቀም። ይህ ለእኛ ማስጠንቀቂያ ነው፤ እጃችን እንዳይቆሽሽ ስንጨነቅ ሰውየውን ልንረሳው እንችላለን። ታሪኩ ግን አንድ ነገር ይጨምራል። በዚያ ብር የሸክላ ሠሪ መሬት ተገዛ፤ የእንግዶች መቃብር ሆነ። በኢየሩሳሌም ወገን የሌለው እንግዳ ሞቶ በዚያ ቢቀበር እናቱ ኃጢአት ሠራች እንላለን? እኔ አልልም። መሬቱን ግን የደም መሬት አሉት፤ ማቴዎስም እስከ ዛሬ እንዲሁ ይባላል ይላል። መሬቱ እያገለገለ ስሙ አልተሸፈነም። እኔ ለእነዚህ ሕዋሳት ያለኝ አሳብ ወደዚህ የቀረበ ነው፤ አንጠቀምባቸውም አልልም፤ ስማቸው ግን እንዲደበቅ አልፈልግም።

ልዩነቱንም ልንገራችሁ። ከፅንስ ስቴም ሴል ማውጣት የሚቀጥለውን ፅንስ ይጠይቃል። ኤች ኢ ኬ 293 ግን ሌላ ፅንስ አይጠይቅም፤ ዛሬ የሚታከመው ልጅ የዚያን ጊዜውን በደል አላመጣም፣ አይደግመውምም። የተሰረቀ ዕቃ ለባለቤቱ ሊመለስ ይችላል፤ እዚህ የሚመለስላት ሰው የለችም። ለዚህ ነው ልጁን ወደ ሕክምና ውሰዱት የምለው። ነገር ግን አር ስፖንዲንን በሌላ መንገድ ማምረት ይቻላል፤ የሚሞክሩም አሉ። በሕይወት ሳይንስ የምትማሩ ከእናንተ መካከል አላችሁ፤ አንድ ቀን ነጭ ጋውን ለብሳችሁ የትኛውን ዕቃ እንግዛ ተብላችሁ ትጠየቃላችሁ። ያን ጊዜ የጉዳዩ ክብደት ከታማሚዋ እናት ይልቅ በእናንተ ላይ ነው። እርሷ አማራጭ የላትም፤ እናንተ ግን አላችሁ።

ደግሞ የፈቃድ ነገር አለ፤ ይህ ብዙ አይነሣም። የካምብሪጆቹ ጉበቶች የተገኙት በኀዘን ላይ ያሉ ቤተ ሰቦች ለማያውቁት ሰው ይተርፍ ብለው ፈቅደው ነው። ጉበቱ ለንቅለ ተከላ ባይሆንም ለምርምር ተረፈ። ይህ ለእኔ ከፍቅር የሚቆጠር ስጦታ ነው፤ በአብያተ ክርስቲያናችን ስለ አካል ልገሳ አለመናገራችን ያሳፍረኛል። በሌላ በኩል ኦርጋኖይድ ከሰጪው ተለይቶ ለዓመታት ይኖራል፤ ይቀዘቅዛል፣ ይባዛል፣ ይሸጣል። ከኡትሬክቱ ሥራ የወጣውንና የታማሚዎችን ኦርጋኖይድ ያከማቸውን ድርጅት በ2024 መጨረሻ የጀርመኑ መርክ ኩባንያ ገዛው። ሕገ ወጥ ነገር አለበት ማለቴ አይደለም። ግን አንድ ታማሚ ቁራሽ አንጀቱን ሲሰጥ ለጎረቤቱ የሰጠ መስሎት ከነበረ፣ ነገሩ ወደ ገበያ ሲወጣ ሊነገረው ይገባል። ሰው የፈጣሪው መልክ ነው ብለን የምናምን እኛ፣ ስለ ፅንስ ብቻ ሳይሆን ስለ ፈራሚውም መናገር አለብን። በፈቃድ ወረቀት ላይ ሳያነብቡ የሚፈርሙ እናቶች በየሆስፒታላችን አሉ።

የቀረኝ ጥያቄ እስካሁን ያልጨረስሁት ነው። በ1ኛ ቆሮንቶስ 10 ጳውሎስ አማኞቹ በሥጋ ገበያ የሚሸጠውን ከየት መጣ ብለው ሳይመረምሩ እንዲበሉ ይፈቅዳል። አንድ ሰው ይህ ለጣዖት የተሠዋ ነው ብሎ ከነገራቸው ግን ስለ ነገራቸው ሰው ሕሊና እንዲተዉት ይመክራል። እንግዲህ እኔ አሁን ካነበብሁ በኋላ ነጋሪ ሆኛለሁ። ልጇ ቢጫ ሆኖ በሆስፒታል አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጠች እናት ሄጄ «ይህ ሕክምና ከየት እንደ መጣ ታውቂያለሽ?» ልበላት? አልላትም። ከጠየቀችኝ ግን አልዋሻትም፤ ያነበብሁትን ሁሉ ነግሬ፣ «ውሰጂው፤ እኔም ብሆን እወስደዋለሁ» እላታለሁ። ካልጠየቀችኝ የእኔን እውቀት በእርሷ ጫንቃ ላይ አልጭንም። ከእናንተ መካከል «እውነትን መደበቅ ነው» የሚሉኝ ይኖራሉ። በአንድ የቅዳሜ ፕሮግራም ላይ እንከራከርበታለን፤ እናንተ ልክ ሆናችሁ ብትገኙም ደስ ይለኛል።

ብጣሽ ወረቀቱን አልጣልሁትም። ያን ቀን ኪሴ ውስጥ ከትቼው ነበር፤ ከወራት በኋላ መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ አገኘሁትና ገለበጥሁት። ከጀርባው የታተመ መስመር ነበረበት፤ ከሐኪም ማዘዣ ወረቀት ላይ ተቀድዶ የተጻፈ ነበር። የጠየቀው ሰው ለመከራከር እንዳልጠየቀ ያን ጊዜ ገባኝ። በ«አሜን» መካከል ያለፍሁት ሰው ማን እንደ ነበረ ዛሬም አላውቅም። ቅዳሜ ከፕሮግራሙ በኋላ ወንበሮቹ እስኪነሡ ድረስ ከኋላ በኩል እቀመጣለሁ። ስም መንገር አያስፈልግም፤ ጥያቄውን ብቻ ድገሙልኝ፤ በዚህ ጊዜ ቶሎ አልመልስም።